ጆሮ ያለው ቤት

እኛ ቤት ሬዲዮ ጮክ ብሎ ተከፍቶ አያውቅም። የጎረቤቶቻችን ሬዲዮ ከሦስት ቤት ወዲያ ድረስ ሲሰማ፣ የእኛው ግን እዚያው ሳሎን ውስጥ ለተቀመጠ ሰው እንኳ ጆሮውን ካላስጠጋ አይሰማም ነበር። እንግዳ መጥቶ «ኧረ እባካችሁ ትንሽ ከፍ አድርጉት!» ሲል እማዬ ፈገግ ብላ አባዬን ታያለች። አባዬም ሁልጊዜ አንድ መልስ ነው ያለው፤ «ከተሰማ ይበቃል።»

(ለማታውቁን፦ «እኛ» ስንል አንዲት ሴት ነን። ጋዜጠኝነት ስንማር አንድ መምህራችን «እኔ የሚል ቃል በጽሑፋችሁ ውስጥ እንዳላይ!» ብለው አስፈራርተውን ነበር። ዲግሪውን ከያዝን በኋላም ፍርሃቱ አልለቀቀንም። እንዲሁ ታገሡን።)

አባዬን ሰፈሩ «ሻምበል» ነው የሚለው። ሻምበልነቱ ከየት እንደመጣ ግን ልጆች ሳለን አናውቅም። የምናውቀው የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጥገና ሱቁን ነው፤ ከታክሲ ማቆሚያው ጎን ያለች ጠባብ የቆርቆሮ ሱቅ፣ ሆዳቸው የተዘረገፈ ሬዲዮዎች፣ የመበየጃ ጢስ፣ አንድ የሻይ ብርጭቆ። ደንበኛ የተበላሸ ሬዲዮ ይዞ ሲመጣ አባዬ ወዲያው አይፈታውም። መጀመሪያ ለኩሶ ጆሮውን ያስጠጋና ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጠዋል። ከዚያ «አልሞተም፣ ጉሮሮው ነው የታመመው» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው።

ትምህርት ቤት ልጆች የአባቶቻቸውን የጦር ሜዳ ጀብዱ ሲተርኩ እኛ የምናወራው አልነበረንም። «ያንቺ አባት ምን ነበር?» ሲሉን «መገናኛ ነበር» እንላለን። እናላችሁ፣ ታክሲ ተራ አስከባሪ የመሰላቸው ሁሉ ነበሩ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሳምንት ሲቀረው፣ እራት ላይ ነው። ታናሽ ወንድማችን በኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመርቆ ዓመት ከመንፈቅ ሥራ ፍለጋ ሲንከራተት ከርሟል። ማመልከቻ ያላስገባበት መሥሪያ ቤት የለም ማለት ይቻላል። የዚያን ምሽት የጎረሰውን ውጦ፣

«ወታደር ቤት ልገባ ነው» አለ።

እማዬ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«ለውጊያ አይደለም፣ እማ። ለማዳመጥ ነው። ሲግናል። አሠልጥነው መኮንን ያደርጉኛል።»

እማዬ ተረጋጋች። ቢሮ ታያት፣ ደመወዝ ታያት፣ ምናልባትም ኮንዶሚኒየም ታያት። እኛ ግን ሳናስበው ከአፋችን አመለጠን፤

«ጆሮ ጠቢ ልትሆን ነው በለና!»

ዝም ተባለ። የእኛ ቤት ዝምታ ደግሞ የዋዛ አይደለም፤ ልምድ ያለው ዝምታ ነው። አባዬ እጁን ታጠበ፣ «እናንተ ብሉ» አለ፣ ካቦርቱን ደርቦ ወደ ሱቁ ወጣ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት አልፏል። ሱቅ የሚከፈትበት ሰዓት አልነበረም።

ወንድማችን ትክ ብሎ አየንና «እሱስ ምን የነበረ መሰለሽ?» አለን።

እንግዲህ ጋዜጠኛ ነንና ያላወቅነውን መጠየቅ ሥራችን ነው። አባዬን መጠየቅ ስለፈራን መጽሐፍ ጠየቅን።

የሲግናል መረጃ የሚሉት ሥራ በጥቂቱ እንዲህ ነው። በሬዲዮ የሚናገር ሰው ለአንድ ሰው የሚናገር ይመስለዋል እንጂ የሚናገረው ለሁሉም ነው። ሞገድ አድራሻ ተጽፎበት አይሄድም፤ አንቴና ያለው ሁሉ ይቀበለዋል። የዚህ ሙያ መኮንን ማለት ለእሱ ያልተላከውን የሚሰማ ሰው ነው። መጀመሪያ ድምፁን ከአየር ላይ ፈልጎ ያገኛል። ቀጥሎ ማን እንደሆነ ይለያል፤ በጥሪ ስሙ፣ በሚናገርበት ሰዓት፣ በአነጋገሩ፣ በሞርስ የሚጽፍ ከሆነ ደግሞ በእጁ አመል። አዎ፣ የቴሌግራፍ ሠራተኛ እጅ እንደ ሰው አረማመድ ነው ይላሉ፤ ከሩቅ ይታወቃል። ሦስተኛው ጥያቄ «የት ነው?» የሚለው ነው። በተለያየ ቦታ የቆሙ ሁለትና ሦስት ጣቢያዎች ድምፁ የሚመጣበትን አቅጣጫ ይለካሉ፤ መስመሮቹ ካርታ ላይ የተገናኙበት ቦታ ተናጋሪው ያለበት ነው። «ምን አለ?» የሚለው፣ ኮዱን የመፍታቱ ሥራ፣ ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ይመጣል።

ያስገረመን ግን ሌላ ነው። ኮዱ ባይፈታም ሥራው አይቆምም። ትናንት በቀን አራት ጊዜ ይናገር የነበረ ጣቢያ ዛሬ አርባ ጊዜ ከተናገረ አንድ ነገር እየመጣ ነው። ጭራሽ ዝም ካለ ደግሞ የባሰ ነገር እየመጣ ሊሆን ይችላል። እኛ በሰምና ወርቅ ያደግን ሰዎች ነንና ለራሳችን እንዲህ ብለን ተረጎምነው፤ ወርቁ ባይገኝ እንኳ ሰሙ ብቻውን ይናገራል።

ለአገራችን ይህ ነገር እንግዳ አይደለም። መጀመሪያ ያወቅነው ግን በሰሚነት ሳይሆን በተሰሚነት ነው። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ውጊያው ከመጀመሩ በፊት ባሉት ቀናት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከግንባር ለእቴጌ መነን በሬዲዮ መልእክት ላኩ። ጠላትን ለማጥቃት መወሰናቸውን ነገሯቸው። ውሳኔውን ለአቡኑና ለመኳንንቱ በምስጢር እንዲያካፍሉ፣ ጸሎት እንዲደረግም አሳሰቡ። ጣሊያኖች ያዳምጡ ነበርና መልእክቱ እጃቸው ገባ። ይህን ስናነብ መጽሐፉን ዘግተን ትንሽ ተቀመጥን። ባል ለሚስቱ «በምስጢር ያዢው» ብሎ የላከውን ቃል ባዶሊዮ ሰምቶታል። ማይጨው በዚህ ብቻ ተሸነፈ አንልም፤ አውሮፕላኑም፣ መርዙም፣ መድፉም ነበር። ግን ከዚያ ሁሉ በላይ የከነከነን ይኼ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ ወደ ራሳችን ቤት ይዞን መጣ።

እ.ኤ.አ. በ1943 አሜሪካኖች አስመራ ገብተው የጣሊያን ባሕር ኃይል ይጠቀምበት የነበረውን «ራዲዮ ማሪና» የተባለ ጣቢያ ተረከቡ። አስመራ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ግድም ከፍ ትላለች፤ ለምድር ወገብም ቅርብ በመሆኗ ከዓመት እስከ ዓመት ሬዲዮ ለመቀበል ተስማሚ ናት። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ በርሊን የነበረው የጃፓን አምባሳደር ሂሮሺ ኦሺማ ጀርመኖች በፈረንሳይ ጠረፍ የሠሩትን ምሽግ ጎብኝቶ ያየውን አንድ በአንድ በኮድ ለቶኪዮ ላከ። መልእክቱን ከአየር ላይ የያዘችው አስመራ ነበረች። ኮዱ አሜሪካ ውስጥ ተፈታ። በሰባተኛው ወር፣ ሰኔ 6 ቀን 1944፣ የተባበሩት ጦሮች ኖርማንዲ ሲያርፉ ስለዚያ ምሽግ ከሚያውቁት ነገር ከፊሉ ከእኛው ደጋ ሰማይ የተለቀመ ነበር።

በ1945 ዓ.ም. ኢትዮጵያና አሜሪካ ውል ሲፈራረሙ ጣቢያው ጸና፤ ስሙም ኮሪያ በዘመተው ጦር ስም «ቃኘው» ተባለ። «ቃኘው» የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው፤ አባ ቃኘው። ቃሉን ደግሞ አስቡት። ክራር ይቃኛል፤ ጠላትም ይቃኛል። አንድ ግስ ሁለቱንም ይዟል። ዘፋኙ ጆሮውን ጥሎ ክሩን ሲያጠብቅም፣ ሰላዩ ተራራ ላይ ተጋድሞ ሲያይም የሚሠሩት ሥራ ስሙ መቃኘት ነው። ለአዳማጭ ጣቢያ ከዚህ የተሻለ ስም ከየት ይመጣ ነበር?

አያታችን የቃኘው ወጥ ቤት ሠራተኛ ነበር። ይህን እናውቅ ነበር፤ ግን «አሜሪካኖች ጋ ሠርቷል» ተብሎ የሚታለፍ ነገር ነው። አባዬ በ1952 ዓ.ም. አስመራ ተወለደ፣ አባ ሻውል ሰፈር አደገ፣ ትግርኛን ከአማርኛ እኩል ጠጣው። አሜሪካኖቹ የሶቪየትን መንኮራኩሮች የሚያዳምጡበት 46 ሜትር ስፋት ያለው የብረት ሳህን ሲተከል እሱ ገና ትንሽ ልጅ ነበር። ከሩቅ እያየው «ይኼን የሚያክል ሰሃን ምን ሊበሉበት ነው?» ብሎ አያታችንን እንደጠየቀው ያወራል፤ ከልጅነቱ የሚያወራልን ነገር ይኸው ብቻ ነው። ጣቢያው ሚያዝያ 1969 ዓ.ም. በደርግ ትእዛዝ ሲዘጋ አባዬ 17 ዓመቱ ነው። በዓመቱ ወታደር ሆነ። ሬዲዮ የሚወድና ትግርኛ የሚሰማ ልጅ በ1970 ዓ.ም. የት እንደሚመደብ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ከወንድማችን ጋር ክርክሩ ቀጠለ። እኛ ማስረጃ ደረደርን። እ.ኤ.አ. በ2014 ሂዩማን ራይትስ ዎች ስለ ኢትዮጵያ የስልክና የኢንተርኔት ክትትል ባወጣው ሪፖርት፣ የታሰሩ ሰዎች ከቤተሰብና ከወዳጅ ጋር የተነጋገሩት ስልክ ተቀድቶ በምርመራ ላይ እንደተከፈተባቸው ተናግረዋል። በ2015 ሃኪንግ ቲም የተባለው የጣሊያን ኩባንያ ምስጢር ሲዝረከረክ ከደንበኞቹ መካከል የአገራችን መሥሪያ ቤት ተገኝቷል። «አየህ?» አልነው፤ «በ28 ጣሊያን ሰማን፤ አሁን ደግሞ ከጣሊያን ገዝተን እርስ በርስ እንሰማማለን።»

ወንድማችን አልተሸነፈም። «ማይጨው ላይ እኛም እነሱን ብንሰማቸው ኖሮስ? ያን ጊዜ ጆሮ ጠቢ ትይ ነበር? ጀግና ነበር የምትይው።»

መልስ አጣን። ለነገሩ እኛም በልባችን ያደነቅናት አንዲት ጆሮ ጠቢ ነበረችን። እንግሊዞች ብሌችሊ ፓርክ በተባለው ግቢ የጠላትን ኮድ ሲፈቱ ከሠራተኞቹ አራት እጅ ሦስቱ ሴቶች ነበሩ። ከነሱ አንዷ፣ ከጀርመንኛ ትምህርቷ ወጥታ የመጣች ሜቪስ ሊቨር የምትባል ወጣት፣ አንድ ቀን የጣሊያን ባሕር ኃይል በኤኒግማ የላከውን ረዥም መልእክት ስታይ አንድ ነገር ቆረቆራት። ከፊደሎቹ ሁሉ «ኤል» የምትባለዋ አንድ ቦታ እንኳ የለችም። ኤኒግማ የሚባለው ማሽን ደግሞ አንድን ፊደል በራሱ አይተካም። ስለዚህ ላኪው የሐሰት መልእክት እንዲልክ ታዞ፣ ሰንፎ፣ ሲጋራውን እያጨሰ ይሁን ሌላ እያሰበ «ኤል»ን ብቻ ሲጫን ውሏል! በዚያ ስንፍና በኩል ገብታ ቀኑን ሙሉ የነበረውን ኮድ ከፈተችው። እኩያችን ናት። የኛን ያህል ልምድም አልነበራት። ታዲያ እሷን እያደነቅን ወንድማችንን የምንሰድበው በምን ሚዛን ነው?

ቢቸግረን ወደ አባዬ ዞርን። እንዳትታዘቡን ግን፤ የዞርነው ፊት ለፊት አልነበረም።

ከሠራዊቱ ጓደኞቹ አንድ የቀሩት አሉ፤ ጡረተኛ ናቸው። እሑድ እሑድ ሱቁ ይመጡና ሻይ ይጠጣሉ። አንድ እሑድ ሻዩን እኛ አቀረብን፤ ስልካችንን መቅጃው ላይ አድርገን ጠረጴዛው ላይ ካለ ጋዜጣ ሥር ሸሸግነውና ወጣን። አንድ ሰዓት ከ12 ደቂቃ ቀዳ። (መምህራችን ይህን ቢሰሙ ዲግሪያችንን ይነጥቁን ነበር። «የተናጋሪውን ፈቃድ ሳታገኙ» ብለው የሚጀምሩት አንድ ሙሉ ሴሚስተር ነበራቸው።)

ማታ አልጋችን ውስጥ ገብተን በጆሮ ማዳመጫ ሰማነው። የጡረታ ነገር፣ የስኳር በሽታ ነገር፣ የዘይት ዋጋ። ከዚያ ሰውዬው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና «ያ ጉንፋን ትዝ ይልሃል?» አሉ። አባዬ «ኧህ» አለ። ከዚያ ምንም የለም። የብርጭቆ ድምፅ፣ የመንገድ ድምፅ፣ ትር ትር የሚል የሬዲዮ ጩኸት። አራት ደቂቃ። መጨረሻ ላይ ሰውዬው «አንተ ሥራህን ነው የሠራኸው፣ ወንድሜ» አሉ። ወሬው ወደ ዘይት ተመለሰ።

በማግስቱ ሱቁ ሄድንና በተቻለን መጠን ዘና ብለን «አባዬ፣ ጉንፋን ማን ነው?» አልነው።

የያዘውን መፍቻ አስቀመጠ። «አንቺም ጠለፍሽኝ?» አለን።

ምድር ተከፍታ ብትውጠን በወደድን። ካድን አልካድን ሳንለይ አፋችንን ስንከፍት እሱ ቀጠለ። «ስልክ ሬዲዮ አጠገብ ሲቀመጥ ሬዲዮው ትር ትር ይላል። ልክ ጋዜጣው ጎን የነበረው ሬዲዮ ነገረኝ። አራት ደቂቃ ዝም ያልኩት ለምን መሰለሽ? ሰሚ እንዳለ ያወቀ ሰው ዝም ይላል። የመጀመሪያው ትምህርት ነው።»

ይቅርታ ጠየቅን። ረዥም ሰዓት አላናገረንም። አንድ ደንበኛ መጣ፣ ሄደ። ከዚያ በሩን ገርበብ አድርጎ «ወንድምሽን ጥሪው» አለን። ስልኮቻችንን አጥፍተን ሱቁ ውስጥ ተቀመጥን። የሚጻፍና የማይጻፍ ነገር ለይቶ ነገረን። የሚጻፈው ይኸው ነው።

ናቅፋ ግንባር ነው፤ 1976 ዓ.ም.። አባዬ መቶ አለቃ ነበር። ምሽግ ውስጥ፣ ጆሮ ማዳመጫ አጥልቆ፣ ሌሊት ሌሊት የሚሰማው ድምፅ አለ። ከወዲያ በኩል በትግርኛ ቁጥር የሚያነብ ሰው። ቁጥር ብቻ፤ ሌላ የለም። ሰውዬው ሁልጊዜ ጉንፋን የያዘው ይመስላል፤ አፍንጫው የታፈነ፣ በየመሃሉ የሚያስል። እነ አባዬ «ጉንፋን» ብለው ስም አወጡለት። ፊቱን አያውቁትም፤ ግን ሲደክመው ያውቃሉ፣ ሲርበው ያውቃሉ፣ ከአለቃው ጋር ተጣልቶ ሲመጣ በንባቡ ፍጥነት ያውቃሉ። «ከሚስቴ በላይ ነበር የማውቀው» አለ አባዬ። «ያን ጊዜ ሚስት አልነበረህም» አለው ወንድማችን። «ቢኖረኝም» አለ።

አንድ ሌሊት ሰውዬው ማናገሪያውን መልቀቅ ረሳና አጠገቡ ላለ ሰው «ሻሂ ኣሎ?» ሲል ተሰማ። ሻይ አለ ወይ ማለቱ ነው። ሁለት ቃል ነው። አባዬ ግን ከነዚያ ሁለት ቃላት ሰውዬው አስመራ ያደገ፣ ምናልባትም የራሱ የአባ ሻውል ልጅ እንደሆነ ጠረጠረ። አንድ ሰፈር ኳስ ከተጫወቱት አንዱ ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። ለማንም አልተናገረም። ከዚያ ወዲያ ግን ሌሊት ሲያዳምጠው «ጤፍ የበላ ልጅ ይሁን ወይስ የጣሊያን ዳቦ» እያለ ያስብ ነበር።

በሦስተኛው ወር የሦስቱ ጣቢያዎች መስመር አንድ ነጥብ ላይ ገጠመ። ከዚያ በፊት ሰውዬው ቶሎ ቶሎ ቦታ ይቀይር ነበር፤ ያን ሳምንት ግን አልቀየረም። አባዬ ነጥቡን በቀይ እርሳስ አከበበው። ሪፖርቱን ጻፈ፣ ፈረመ፣ አስተላለፈ። ጎህ ሲቀድ መድፍ ተተኮሰ።

«ከዚያስ?» አልን።

«በሦስተኛው ቀን ሌላ ሰው ቁጥር ማንበብ ጀመረ። ጉንፋን የሌለው።»

ሱቁ ውስጥ የሚሰማ ነገር አልነበረም።

«ሞቶ ነው?» አለ ወንድማችን።

«አላውቅም። ቦታ ቀይረውት ይሆናል። ፈቃድ ወጥቶ ይሆናል። ምናልባት…» ፈገግ ሊል ሞከረ፣ «ምናልባት ጉንፋኑ ለቆት ይሆናል።» ከዚያ መፍቻውን አንሥቶ እያገላበጠ፣ «በዓመቱ ሻምበል ተባልኩ» አለ።

እኛ እንግዲህ ዕድሜያችንን ሙሉ ሰፈሩ «ሻምበል! ሻምበል!» ሲለው እየሰማን ነው ያደግነው።

ስንት ነገር ከኋላ ተመልሶ ገባን መሰላችሁ። ኅዳር 30 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ኦስሎ ላይ የኖቤል ሽልማት ሲቀበሉ፣ በባድሜው ጦርነት ወጣት የሬዲዮ ኦፕሬተር እንደነበሩ፣ የተሻለ የአንቴና ሞገድ ፍለጋ ከምሽጋቸው ለጥቂት ደቂቃ ሲወጡ የክፍላቸው ጓዶች በሙሉ በመድፍ እንዳለቁ ተናግረው ነበር። ቤተሰቡ ሁሉ ቴሌቪዥኑ ላይ ተክሎ ሳለ አባዬ ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አደረገውና «አንቴና አንዱን ያተርፋል፣ አንዱን ያስበላል» አለ። ያኔ ተረት የሚተርት መስሎን ነበር።

ሐምሌ 2010 ዓ.ም.ም ነበር። ኢትዮጵያና ኤርትራ ታርቀው ስልክ ሲከፈት፣ ሰው ሁሉ የማያውቀውን የአስመራ ቁጥር እየደወለ ሰላምታ ይለዋወጥ የነበረ ጊዜ። አባዬ ሱቁ ውስጥ ሆኖ ይደውላል፣ ያዳምጣል፣ ይዘጋል። እንደገና ይደውላል፣ ያዳምጣል፣ ይዘጋል። እኛ ካርድ እንዳያልቅበት የሚሰስት መስሎን ስቀንበታል። አሁን «ማንን ነበር የምትፈልገው?» ብለን ጠየቅነው።

«ማንንም። ድምፅ ልስማ ብዬ ነው። ልማድ ነው፤ መስማት እንጂ መናገር ሥራዬ አልነበረም። በመጨረሻ አንዲት ሴት አነሡ። «መን'ዩ?» አሉ። ልዘጋ ስል ትንፋሼን ሰሙት መሰለኝ፣ ደግመው «መን'ዩ?» አሉ። ያን ጊዜ «የአባ ሻውል ልጅ ነኝ» አልኳቸው። ሃያ ደቂቃ አወራን።»

«ስለ ምን?»

«እሱ አይጻፍም» አለን።

ከዚያ ወደ ወንድማችን ዞረ። ሥራውን አትግባ ይለዋል ብለን ስንጠብቅ አላለውም። እንዲህ አለው፤ «አገር ያለ ጆሮ አይኖርም። ጠላት ሲመጣ የሚሰማ ሰው ያስፈልጋል። እኔ ያዳመጥኩት ጠመንጃ የያዘን ሰው ነው፤ እሱም እኔን ያዳምጠኝ ነበር፤ ያም ሆኖ ይኸው አርባ ዓመት አልፎኝ ሌሊት ሲያስል እሰማዋለሁ። አንተን አንድ ቀን ከእናቱ ጋር የሚያወራን ልጅ አዳምጥ ይሉሃል። ወይም እንደ እህትህ የሚጽፍን። ያን ቀን ማዳመጫውን ከጆሮህ አውልቀህ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥ። ከቻልክ።»

«ካልቻልኩስ?» አለው ወንድማችን።

አባዬ አልመለሰለትም። ያን ጊዜ ያ ዝምታ ሰሚ የፈራ ዝምታ አልነበረም። መልሱን ስለማያውቅ ነው።

ቤት ስንመለስ ቅጂውን ከስልካችን አጠፋነው። ወንድማችን አጠገባችን ቆሞ «ከጠፋም በኋላ እኮ ሊመለስ ይችላል፣ እንዴት እንደሆነ ላሳይሽ?» አለን፤ ገፍተን ከክፍላችን አስወጣነው። «ጆሮ ጠቢ» የምትለዋን ቃል ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እንደ ቀድሞው በቀላሉ ከአፋችን አትወጣም። ተግባሩን ስለወደድነው አይደለም። ያቺን እሑድ ጋዜጣ ሥር ስልክ ስንሸሽግ ለራሳችን የሰጠነው ምክንያት «ለጥሩ ነገር ነው» የሚል ነበር። የሚያዳምጥ ሁሉ የሚሰጠው ምክንያት እሱ ሳይሆን አይቀርም። እኛ የምንሰማው ለመናገር ነው፣ አባዬ የሰማው ላለመናገር ነበር እያልን ልዩነቱን ስናሰፋ ከርመን፣ ሁለታችንም ሳንፈቀድ የሰው ድምፅ ውስጥ መግባታችን ግን አንድ ሆነብን። እሱ አርባ ዓመት ተጨንቆበታል። እኛ በአንድ ሌሊት የጆሮ ማዳመጫ አጥልቀን ጨረስነው።

ይህን ጽሑፍ ለአባዬ አነበብንለት። እንዲወጡ ያላቸው ሦስት ነገሮች ወጥተዋል። አንዱን ሲያስወጣ ጋዜጠኝነታችን ክፉኛ አመመው፤ ግን አወጣነው። «ጉንፋን» የሚለው ቅጽል ይቅር ወይ ብለን ስንጠይቀው ትንሽ አሰበና «ይኑር» አለ። «ምናልባት የሚያውቀው ሰው ያነበው ይሆናል።»

ወንድማችን ማመልከቻውን አስገብቷል። ፈተናውን አልፏል፤ እንደውላለን ብለውታል። እንዲጠሩት እንፈልግ እንደሆነ ጠይቃችሁን ብትመጡ፣ ሰኞ አዎ፣ ማክሰኞ አይ ነው መልሳችን። እማዬ ስለት ተስላለች፤ ለምን እንደተሳለች ግን አትናገርም፤ የዚህ ቤት ሰው ናትና። ሰሞኑን ስልክ በጠራ ቁጥር ሳሎን ያለነው ሁሉ ዝም እንላለን። አባዬም ሬዲዮውን ይዘጋዋል፤ ቀድሞም የማይሰማውን።

ቸር ያሰማን።